በኪዳነ ምሕረት ደጅ ጆሮ የለመነው መካኒክ

ለይኩን ቀበና ውስጥ፣ ቆርቆሮ ቤት ሥር፣ ሠላሳ ዓመት ሞተር ብስክሌት ሠርቷል። ሞተሮቹ ለቆላ አየር ተለክተው ይመጣሉ፤ እንጦጦ ላይ ቤንዚኑ ይበዛባቸውና ይታፈናሉ። እሱ የካርብሬተሩን ቀዳዳ በጠባብ ይለውጣል፣ ቫልቩን ያስተካክላል፣ ከዚያ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ራሱ ነድቶ ካንዴላውን ፈትቶ ያያል። ከጠቆረ ይመለሳል፤ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። መጨረሻ ላይ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ ቫልቩን ያዳምጣል። ሳያዳምጥ አያስረክብም ነበር።

ይህን ትጋት ማን ፈለገው? ጎረምሳው ማርሚታውን አስቆርጦ ሰፈር እያስበረገገ ይሄዳል፤ ሞተሩ ሲቃጠል ፋብሪካውን ይረግማል። ደንበኛው ሁሉ ተበትኖ ሲ.ኤም.ሲ ዕቃ የሚያመላልሰው ገመቺስ ብቻ ቀረ። የለይኩን ሚስት ከሞተች ወዲህ «እንዴት አደሩ» የሚለውም እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ለፍተሻ የተመለሰለትን የገመቺስን ሞተር ይዞ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ቆመ። ካንዴላው ልክ ነው። ካቻቢቴውን ደገነ። ምንም። በሌላኛው ጆሮ ሞከረ። ምንም። ጤነኛ ቫልቭ ቀስ ብሎ ቷ ቷ ይላል፤ ዝም ያለው ከልክ በላይ የጠበቀ ነው፣ ይቃጠላል። ግን ዝም ያለው ሞተሩ ነው ወይስ ጆሮው?

የደጁን ዘበኛ ጠራ። «አባባ ተክለብርሃን፣ ጆሮዎን ያውሱኝ።»

«ምነው፣ ልትናዘዝ ነው? ቄስ ጥራ!»

ሽማግሌው እየሳቁ አዳመጡ። «ኧረ ምንም የለም።»

«እርስዎም ደንቁረዋል እንዴ?»

«ስድብህማ ጥርት ብሎ ይሰማኛል!»

ለይኩን ሳቀ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ሽማግሌው ወደ በራቸው ሲመለሱ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዝም ያለውስ ሞተሩ ነው። ቫልቭ የሚስተካከለው ደግሞ ሞተሩ በርዶ ነው፤ ሰዓታት መጠበቅ አለበት። ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ጠዋት ይደርሳል ብለውኝ አልነበር? ሥራ ቆመብኝ እኮ!» አለ ገመቺስ።

«መለዋወጫ ጠፋ» ቢለው ማን ይጠይቀዋል? ስንቱ መካኒክ በዚህች ቃል ይኖር የለ!

«ቫልቩ ጠብቋል» አለ ለይኩን። «ያጠበቅሁት እኔው ነኝ፣ ባለፈው ወር። ጆሮዬ አይሰማም። ያኔም ምንም ሳልሰማ ሰጠሁህ፤ ደበቅሁህ።»

«ልጄን እጭንበታለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ይሄን አስተካክዬ እሰጥሃለሁ። ከዛሬ ወዲያ ሌላ ሰው ፈልግ።»

ስልኩ ተዘጋ። ያንን ጆሮ ማን በላው? ሠላሳ ዓመት ቆርቆሮ ሥር ያጓራው የእኛ የደንበኞቹ ሞተር አይደለም እንዴ? በልተን ጨረስነውና ሄድን፤ «እንዴት ነህ?» ያለ የለም።

ሞተሩ ሲበርድ ክዳኑን ፈታ፣ ብሎኑን በልኩ አላላ፣ አስነሳ። ዘበኛው ተመልሰው አዳመጡ።

«አሁን እንደ ስፌት መኪና ቷ ቷ ይላል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በኪዳነ ምሕረት!»

ገመቺስ ቀበና፣ የቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ቁልፉን ተቀበለ፣ አስነስቶ ሄደ። ለይኩን ማርሚታውን አየ፤ ጭስ የለውም። ወደ ቤቱ ገባ። ውስጥ ሌላ ሞተር አልነበረም፤ ሰዓቱም ገና ዘጠኝ ነበር።