ጋሽ ተስፋይ የአሜሪካን መኪና ሲያሙ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ምስር እየለቀምኩ ሳለ፣ ልጄ ናትናኤል ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፎ አንድ ፈረንጅ ያይ ነበር። ሰውዬው የአውሮፓ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛው ከዚህ አገር ሰው ይለያል። ሥራው መኪና እየነዱ መተቸት ይመስለኛል። አንድ ረጅም የአሜሪካ መኪና ውስጥ ተዘርግቶ ተቀምጦ መሪውን በአንድ ጣት ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘ ይስቃል።

«ምን ይላል?» አልኩት።

ናትናኤል አኩርፎኛል። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መንዳት እያለማመድኩት ጠዋት መንገድ ላይ ተጣልተናል። ቢሆንም እንደ ልማዱ በእንግሊዝኛ መለሰልኝ። የአሜሪካ መኪና ጎማ የተገጠመለት ሶፋ ነው፣ ለእንቅልፍ እንጂ ለመንዳት አይሆንም ይላል፣ አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ያኮረፈ ልጅ ፊት መሳቅ ጥሩ አይደለም፤ በእሱ የሳቅሁ መስሎት ስልኩን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ። የሳቅሁት ግን ይህንኑ አባባል ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ፊሊፕስ ሠፈር፣ ትግርኛ ትግርኛ በሚል አማርኛ ሰምቼው ስለነበር ነው። የተናገሩት ጋሽ ተስፋይ ናቸው። እንደዚህ ሰውዬ ካሜራ አግኝተው ቢሆን ኖሮ ዓለም ያውቃቸው ነበር።

ጋሽ ተስፋይ ጎረቤታችን ነበሩ። እኛ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን ከሥራችን። አስመራ ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው የአንድ ጣሊያን ጋራዥ ገብተው ሙያውን ለመዱ። ከዚያ አዲስ አበባ መጥተው ዕድሜያቸውን ሞተር ሥር ተኝተው አሳለፉ። ሚኒያፖሊስ ሲመጡ የደረሳቸው የሆስፒታል ወለል መወልወል ነበር። በዚህ ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም። ምሬታቸውን ሁሉ ያጠራቀሙት ለአሜሪካ መኪና ነበር።

እሳቸው አንዲት ትንሽ ክሬም ቀለም ያላት የጣሊያን መኪና ነበረቻቸው። የመጀመሪያው በረዶ ከመውደቁ በፊት ሸራ ያለብሷታል፤ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ብረቷን እንዳይበላው ነው። ሸራው የሚነሣው ዛፉ ሁሉ ቅጠል ካወጣ በኋላ ነው። ሞቃቱ ወቅት ሲመጣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መግቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ የተቀቀለ በቆሎ እየፈለፈሉ፣ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ያማሉ።

«ተመልከቺ ጓለይ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ መኪና ነው? ሳሎን ቤት ነው የሚሄደው። ጎማ የገጠሙለት ሶፋ! እንዲታጠፍልሽ ደብዳቤ ጽፈሽ መልስ መጠበቅ አለብሽ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ሰፊ እኮ ነው።»

«ሰፊማ ነው። ጎተራም ሰፊ ነው። ጎተራ ይነዳል?»

ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥሩልኛል። «ፍሬን በይ፣ ፍሪሲዮን በይ፣ ፍሬቻ በይ፣ ስፖኪዮ በይ። የማን ስም ነው ይሄ ሁሉ? የጣሊያን ነው። አሜሪካኖቹ ለአገራችን መኪና አንድ ስም አዋጥተዋል?»

እትዬ ለተብርሃን በመስኮት ብቅ ይላሉ። «እሷን ራሷን የገዛሃት በአሜሪካኖቹ ደመወዝ ነው። በቆሎውን ጨርሰህ ግባ።»

እንግዲህ የዚያን ዓመት መጸው ላይ ባለቤቴ አንዲት ወደ አረጋውያን መኖሪያ ከምትገባ አሮጊት ቡኒ መኪና ገዛልኝ። አሜሪካ ሠራሽ ነው፤ ከፓርኪንጋችን መስመር ወጣ ብሎ ይቆማል። ከፊት ያለው መቀመጫ ከበር እስከ በር አንድ ወጥ ነው፤ ማርሹም መሪው ላይ ነው። በሩ ሲዘጋ ድም ይላል። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ የሰባት ወር ሴት ልጅ ነበረችኝ፤ ሁሉ ነገር ያስፈራኛል። ያ ክብደት ደስ አለኝ። ማንም ቢገጨን የሚጎዳው እሱ ነው ብዬ አሰብኩ።

ጋሽ ተስፋይ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አንድ ጊዜ ዞሩት። «መልካም ነው» አሉ። «የቤት ዕቃ የገዛ ሰው እንኳን ደስ ያለህ ይባላል።»

ላይሰንስ ያወጣሁት በሦስተኛው ፈተና ነው። ከዚያ ወዲህ የነዳሁት እስከ ገበያና እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ብቻ ነበር። ሃይዌይ የሚባለውን በመስኮት እንጂ በመሪ አላውቀውም። በጥር መጀመሪያ ግን ሻኮፒ በምትባል ከወንዙ ማዶ ያለች ከተማ አንድ መጋዘን ሥራ አገኘሁ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ጀማሪዎች እንድንገባ፣ በመጀመሪያው ቀን የቀረ ስሙ እንደሚሰረዝ ነገሩን። ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ የለም። ትራክ የሚነዳው ባለቤቴ ቅዳሜ ተመልሶ ሃይዌዩን ሊያለማምደኝ ተስማምተን ነበር። ቅዳሜ ደወለና ዋዮሚንግ በረዶ መንገድ ዘግቶብኛል አለኝ።

ምን አደርጋለሁ? እሑድ መኪናውን ለጸበል ወሰድኩት። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ነበር። ቄሱ ኮፈኑ ላይ ትንሽ ረጭተው ሊመለሱ ሲሉ «አባ፣ በሮቹንም» አልኩ። በሮቹን ረጩ። «የቁልፉ ቀዳዳ ጋም፣ አባ። ሕፃን የምትሳፈርበት ነው።»

«ልጄ፣ ለእግዚአብሔር አንድ ጠብታም ይበቃዋል» አሉኝ፤ ግን ፊቴን አይተው የቁልፉንም ቀዳዳ፣ የበሩንም ጠርዝ ዙሪያውን አጠጡልኝ።

ሰኞ ጠዋት ሕፃኗን ለእትዬ ለተብርሃን ሰጥቼ ስወርድ በሩ አልከፈት አለኝ። ቁልፉ እንኳ አልገባ አለ። ጸበሉ በረዶ ሆኖ በሮቹን ሁሉ እንደ ሙጫ ይዟቸዋል። ተመልሼ ጋሽ ተስፋይን ጠራሁ። ከፒጃማቸው በላይ ካፖርት ደርበው፣ ጆሮ የሚሸፍን ቆባቸውን አድርገው ወጡ።

«ምን አፈሰስሽበት?»

«ጸበል ነው፣ ጋሼ።»

አማተቡ። «ክርስቲያን ነኝ፤ ምንም አልናገርም» አሉ። ቁልፉን በላይተር አግለው አስገቡት፤ ከዚያ በትከሻቸው በሩን ይገፉ ጀመር። የነጂው በር አልነቃነቅ አለ። በወዲያኛው በኩል ዞሩና ገፋ ለቀቅ፣ ገፋ ለቀቅ ሲያደርጉት በረዶው ተሰነጠቀና ተከፈተ። ገባሁና በዚያ ወጥ መቀመጫ ላይ ተንሸራትቼ መሪው ጋ ደረስኩ። በእሳቸው መኪና ቢሆን ኖሮ ማርሹና የእጅ ፍሬኑ መሃል ላይ ቆመው አያሳልፉኝም ነበር።

ሞተሩ ተነሣ። እኔ ግን መሪውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ያቺን ልጅ እናት ላሳጣት እንደሆነ ነው የታየኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢነዱልኝስ?»

«እኔ? በዚህ ነገር መሪ ላይ እጄን አላሳርፍም።» ይህን እያሉ አጠገቤ ገብተው በሩን ዘጉ። ወደ ኋላ ዞረው አዩ። ሁለት ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ አንድ ከረጢት ቆሎ አዘጋጅቼ ነበር። «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ደግመሽ ልትሰደጂ ነው? ንጂ።»

ነዳሁ። የመጀመሪያው ማቆሚያ ላይ ፍሬኑን አጥብቄ ስረግጠው የጋሽ ተስፋይ ግንባር መስታወቱን ሊነካ ደረሰ። ቆባቸውን አስተካከሉ። «አየሽ? የአሜሪካ ፍሬን ደንባራ ነው። ከሩቅ ጀምረሽ ካልለመንሽው ይደነግጣል።» በሚቀጥለው ከሩቅ ጀምሬ ለመንኩት፤ ቀስ ብሎ ቆመ።

ሃይዌዩ መግቢያ ላይ እያዘገምኩ ስገባ ከኋላዬ አንድ ትልቅ ትራክ ክላክሱን ለቀቀብኝ። መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ጭራሽ ፍጥነቴን ቀነስኩ።

«ሰነፍ ነው» አሉ ጋሽ ተስፋይ። «መኪናውን ነው የምልሽ። እንደ ጠገበ በሬ ካልነዱት አይራመድም። እርገጪው። ጨምሪ፣ አይሰማውም።»

ረገጥኩት፤ ሄደ። ትንሽ ቆይቼ ሳላውቀው ወደ ዳር መውጣት ጀመርኩ። «ወደ ቀኝ ይስባል፤ ሁሉም አንድ ናቸው» አሉ። «ግራ ግራውን ያዝ አድርጊው። ደግሞ አፍንጫው ሥር አትይ፤ ሩቅ ካየሽለት ነው ቀጥ የሚል።» ፍሬቻውን ሳላጠፋ ብዙ ስሄድ ደግሞ «ፍሬቻው ወሬኛ ነው፤ አንዴ ከጀመረ አያቆምም። አጥፊልኝ እስኪ» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ንዴቱ ፍርሃቴን ገፋ አደረገው።

«የእርስዎዋስ ዛሬ የት አለች?» አልኳቸው።

«ተኝታለች። ጨዋ ልጅ በዚህ ብርድ አትወጣም።»

ወንዙ ላይ ስንደርስ ውሃው ረግቶ፣ ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። ድልድዩን ስሻገር ትንፋሼን ይዤ ነበር። እሳቸው ግን ሶፋና መኪና ስለሚለያዩበት ነገር እያስረዱኝ ነው። ሦስት ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው መጋዘኑ በር ላይ ሞተሩን ሳላጠፋ አቆምኩ። በሩ በመኪናው ሙቀት ለቆ ነበር፤ ገፋ ሳደርገው ተከፈተ።

«እርስዎ በምን ይመለሳሉ?»

«እሱ የኔ ጉዳይ ነው። ግቢ፣ ስምሽ ሳይሰረዝ።»

ቀኑን ሙሉ ሣጥን ሳነሣና ስጥል እሳቸውን አስብ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ስንወጣ ቡኒው መኪና ከሩቅ መጣ። ሰፋ ባለ ዙር፣ ውሃ ላይ እንዳለ ታንኳ ተንሳፍፎ፣ ሳይንገጫገጭ አጠገቤ ቆመ። ጋሽ ተስፋይ መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፍተውታል፤ መሪውን በአንድ እጃቸው ይዘዋል፤ ቆባቸውን አውልቀዋል። መሃል ላይ እትዬ ለተብርሃን የላኩት ሕምባሻ በፎጣ ተጠቅልሎ ይሞቃል፤ ግማሹ ተበልቷል፤ ፍርፋሪው መቀመጫው ላይ ነው። በእሳቸው መኪና ማስቲካ እንኳ አይፈቀድም።

ከመሪው አልተነሡም። እኔም በወዲያኛው በኩል ገባሁ። ሕፃኗ ሁለት ጊዜ ጡጦ ጠጥታ መተኛቷን ነገሩኝ። መንገዱን ሙሉ መኪናው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ። ፍሬኑ አልደነበረም። ሲታዘዝ ወዲያው ይፈጥናል። ወደ ቀኝ ይስባል ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ አልሳበም።

«ጋሼ» አልኩ በመጨረሻ፣ «ወደ ቀኝ ይስባል ብለውኝ አልነበር?»

ሕምባሻ ቆርሰው አኘኩ። መንገዱን እንጂ እኔን አላዩም። «መክሬዋለሁ» አሉ። «ነገ ግን አንቺ ነሽ የምትነጂው። እኔ ይሄን ነገር ሁለት ቀን በተከታታይ አልነዳም።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የእኔን ጥፋት ሁሉ ለመኪናው ሲሰጡልኝ ነበር። ሕምባሻውን ተቀብዬ በላሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ከማታ ሥራቸው በፊት አብረውኝ ሄዱ፤ ሳምንቱን ሙሉ መኪናውን ሰደቡት። ረቡዕ ስድቡ ቀነሰ። ዓርብ አንድ ጊዜ ብቻ አሙት፤ እሱም ስለ ቀለሙ ነበር። በቀጣዩ ሰኞ በራቸውን ሳንኳኳ እትዬ ለተብርሃን ብቻቸውን ወጥተው ሕፃኗን ተቀበሉኝ።

«ጋሼስ?»

«ተኝቷል። መኪናው ተሽሎታል፣ ከእንግዲህ እኔ አላስፈልገውም ብሏል።»

ብቻዬን ወረድኩ። ሻኮፒ ደርሼ ሞተሩን እስካጠፋ ድረስ ብቻዬን መንዳቴን ረስቼው ነበር።

ጋሽ ተስፋይ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ያቺ ሕፃን ዛሬ ነርስ ናት፤ ከእኔ የተሻለ ትነዳለች። ከአውሮፓና ከአሜሪካ መኪና የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለማወቅም ትምህርቱም ፍላጎቱም የለኝም። የማውቀው ስለ እናት ነው። እናት ስትፈራ አፏ ይፈጥናል። ትናንት ጠዋት ናትናኤል መብራት ላይ ፍሬን ሲይዝ «ቀስ! ምን ነካህ? ልትገለን ነው?» አልኩት። ይህን ስል አራተኛዬ ነበር። መንገድ ዳር አቆመና ቁልፉን ጭኔ ላይ አስቀመጠ። ወደ ቤት የነዳሁት እኔ ነኝ፤ እሱ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ።

ማታ ራት ላይ ነገ ከትምህርት ቤት መልስ እንደገና እንሞክር አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ፤ እሺ ማለት ነው ብዬ ወሰድኩት። አሁን ሊመጣ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። መኪናችን ደግሞ አዲስ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። ከጠዋት ጀምሮ የማማበትን ነገር ስፈልግለት ውዬ እስካሁን ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው።