ወንድሜን የጠቀለልኩበት ሴሎፎን

ወንድሜ ሀርጌሳ ውስጥ ታሞ ሲሞት ከእሱ የቀረኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ የወታደር ልብስ ለብሶ የተነሳው። ጎጃም ያለችው እናታችን መርዶውን ከሰማች ወዲህ «መልኩን እንኳ ይዘሽልኝ ነይ» እያለች በሰው ትልክብኝ ነበር። እሷ ዘንድ አንድም ፎቶ የለም።

እዚያው ሀርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሰው ቤት ነበር የምሠራው። ከተማው ውስጥ ጦርነት ሲነሳ አሠሪዎቼ ሸሹ፤ እኔና አብራኝ የምትሠራው የአገሬ ልጅም ወደ ድንበሩ ልንወጣ ተነሳን። በየኬላው ግን ታጣቂዎች ይፈትሻሉ። ያንን ልብስ ቢያዩ «የማን ወታደር ነው?» ብለው ይጨርሱኛል። ስለዚህ ፎቶውን ልቀብረው ወሰንኩ።

ጓደኛዬ ታጣቂዎቹ እንዳይቀሟት አዲስ ጫማዋን በፌስታል ቋጥራ ልትቀብር ነበርና «እዚህ ውስጥ ክተቺው» አለችኝ።

«ወንድሜ ሽንኩርት ነው እንዴ በፌስታል የሚቋጠረው!» ብዬ ጮኽኩባት።

ወይ የኔ ነገር! የአሠሪዬ ልጅ ስትዳር ሽቶ የተጠቀለለበትን ሴሎፎን አስቀምጬ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ። ለወንድሜ የሚገባው ይሄ ነው አልኩ። ሦስት ጊዜ ደራርቤ ጠቀለልኩትና ጓሮ፣ ከጫማዋ አጠገብ ቀበርኩት።

የዝናቡ ወቅት ሁለት ጊዜ መጥቶ ከሄደ በኋላ ተመለስን። ቤቱ ጣሪያ የለውም። ጓሮውን ቆፈርን። ፌስታሉ እንደተቋጠረ ነው፤ ጓደኛዬ ጫማዋን አራግፋ እዚያው ተጫማችው። ሴሎፎኑ ግን በስብሶ አልቋል፤ ጣቴ ላይ የቀረው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያለ ቁራጭ ነው። የፎቶው ቀለም ታጥቦ ወረቀቱ ነጭ ሆኗል። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያንን ጫማ እንዴት እንደጠላሁት!

ኋላ እርዳታ ድርጅት የሚሠራ የአገሬ ሰው «ሴሎፎን እኮ ከእንጨት ነው የሚሠራው፤ አፈር ይበላዋል። አፈር የማይበላው ፌስታልን ነው» አለኝ። ደግሞ ጥሩ ነገር ነው አለ፣ ምድር አይቆሽሽም። ጥሩ! በጥፊ ባልኩት ደስ ባለኝ።

ወረቀቱን አልጣልኩትም። አገሬ ስገባ እናቴ ገና ከበር እጇን ዘረጋች። ባዶ እጄን ማሳየት አቃተኝና ሰጠኋት። ወደ ብርሃኑ ወስዳ አገላበጠችው፤ አቀረበችው፣ አራቀችው።

«ምንም አይታየኝም ልጄ። ዓይኔ ጠፋ ማለት ነው?»

«አዎ እማዬ፣ ዓይንሽ ነው» አልኳት።

ከዚያን ቀን ወዲህ እጇን ካልያዙላት ቤተ ክርስቲያን እንኳ አትሄድም ነበር።