ምሰሶው ላይ ያልተጻፈው ቀን

አባቴ የግንባታ ፎርማን ነበር። እርሳስ ከጆሮው ስለማይለይ ሠራተኞቹ «ጋሽ እርሳስ» ይሉታል። ኮንክሪት ባስሞላ ቁጥር፣ እስኪጠነክር ከሥር የሚሸከመው ድጋፍ የሚነሳበትን ቀን እዚያው ምሰሶው ላይ ይጽፍ ነበር።

እኔ የድርጅቱ መዝገብ ያዥ ነኝ። ሁሉም ነገር ባስቸኳይ ወደ ታብሌት ይግባ ሲባል፣ ምሰሶ ላይ መጻፍን የከለከልኩት እኔ ነኝ።

«ልጄ፣ ምሰሶ እኮ ኔትወርክ አይፈልግም» አለኝ እየሳቀ።

«አባዬ፣ አንተ ደግሞ! ዘመኑ ጥሎህ ይሄዳል።»

እርሳሱን ኪሱ ከተተው።

የሦስተኛው ፎቅ ጣሪያ በዝናብ ምክንያት ከዕቅዱ ዐሥር ቀን ዘግይቶ ተሞላ። አባቴ አዲሱን ቀን ታብሌቱ ላይ ጻፈ፤ ኔትወርክ ስላልነበረ ግን አልተላከም። ድጋፍ አንሺዎቹ ያዩት የዕቅዱን ቀን ነው። ማንሳት ሲጀምሩ ሊያስቆማቸው ከጣሪያው ሥር ሮጦ ገባ። ጣሪያው ሳይደረመስ እነሱ ወጡ፤ እሱ አልወጣም።

ከቀብሩ በኋላ ታብሌቱን ቢሮ ወስጄ ከፈትኩት። ያኔ ጽሑፉ ተላከና የእኔው ኮምፒዩተር ላይ ደረሰ፦ «እስከ ወሩ መጨረሻ ድጋፍ እንዳይነካ።»

ከሥሩ «ደርሶኛል» የሚል ቁልፍ አለ። እስካሁን አልተጫንኩትም። በእኔ መዝገብ ሳይዘጋ የቀረው እሱ ብቻ ነው።