ባለ ቀንዱ

ትናንት እዚሁ ናይሮቢ ያደገ አንድ ሐበሻ፣ ሳውዝ ሲ ያለው ቤቴ ድረስ መጥቶ የድሮ ቪዲዮ ጌም አሻንጉሊቶቼን አየ። እሱም እንደኔ ሰብሳቢ ነው። ባለ ቀንዱን ከነማሸጊያው አነሳና ካርቶኑ ላይ ያሉትን የውሃ ጠብታ ምልክቶች በጣቱ ነካካ። «ፖሌ ሳና፣ ያሳዝናል፤ እነዚህ ባይኖሩ ኖሮ ብዙ ያወጣ ነበር» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ።

ጠብታዎቹ ያረፉበት ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሌሎቹን አሻንጉሊቶች ከሚቱምባ ገበያ፣ ከአሮጌ ልብስ ክምር ሥር ፈልፍዬ ነው ያወጣኋቸው፤ ናፍታሌን ናፍታሌን ይሸቱ ነበር። ባለ ቀንዱን ግን ኢምባካሲ አየር ማረፊያ ካርጎ የሚሠራው አጎቴ አዲሱን አመጣልኝ። የንስሐ አባታችን ቤቱን ጠበል ሊረጩ የመጡ ቀን እማዬ ተጨነቀች።

«እነዚህን ሰይጣኖች ከመደርደሪያው አውርጂ! አባ ምን ይሉናል?»

«አላወርድም። ደግሞ ሰይጣኑ አንዱ ብቻ ነው።»

አባ ገብተው መደርደሪያው ፊት ቆሙ። እማዬ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«ልጄ፣ ይሄ ባለ ቀንዱ ማነው?»

«መጥፎው ነው፣ አባ። እሱን ካላሸነፍኩ ጌሙ አያልቅም።»

«አስቸገረሽ?»

«በጣም!»

«እንግዲያው ለሱ ጨመር እናድርግለት» አሉና ሌሎቹን አንዴ፣ እሱን ሦስቴ ረጩት። ቀዝቃዛው ጠብታ የእኔም ፊት ላይ አረፈ።

«ምልክቱን የሚያስለቅቅ ሰው አውቃለሁ» አለኝ ሰብሳቢው።

«ተወው፣ ይሄ አይሸጥም» ብዬ ባለ ቀንዱን ተቀበልኩትና ቦታው መለስኩት። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ አላሸነፍኩትም።