ወረቀቱ «በለሆሳስ» ይላል

መርካቶ ውስጥ ቁልፍና ዚፕ በጅምላ እሸጣለሁ። እዚህ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ነጋዴ ገበያ አያገኝም። ክላርኔት ስነፋም ይኸው ጠባይ አብሮኝ መጣ።

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሙዚቀኞች ሆነን አውቶቡስ ተራ አጠገብ ባለ አዳራሽ እንለማመዳለን። ባለፈው ክረምት የያዝነውን ሙዚቃ የደረሱልን ከወታደር ባንድ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። የእያንዳንዳችንን ድርሻ በእጃቸው ጽፈው ሰጡን። በእኔ ኖታ ላይ፣ መሐል ገደማ፣ ከአንድ ረጅም ድምፅ ሥር «በለሆሳስ» ብለዋል። አይቼዋለሁ። ግን ውጭ አውቶቡሱ ጡሩምባ እየነፋ፣ ረዳቱ እየተጣራ፣ በለሆሳስ ብነፋ ማን ይሰማኛል? ሳንባዬ የቻለውን ያህል ነፋሁት።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ እሁድ አዛውንቱ ልምምዱን አስቁመው ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ የጻፍኩትን አንድ ጊዜ ሞክሪልኝ። ካልወደድሽው እርሳስ ይዣለሁ፣ እንሰርዘዋለን።»

አፈርኩ። እንደገና ጀመርን። ቦታው ሲደርስ በቀጭን ትንፋሽ፣ ራሴን እንኳ በቅጡ ሳልሰማ ነፋሁ። የእኔ ድምፅ ሲወርድ ሌሎቹም ማንም ሳይነግራቸው ዝቅ አሉ። ያኔ ከኋላዬ ክራር ሰማሁ። ለካ እዚያ ጋ ዜማው የክራሩ ኖሯል። የሚጫወተው ጭድ ተራ አካባቢ ብርድ ልብስ የሚያከፋፍል ዝምተኛ ሰው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ያን የመሰለ ዜማ ሲጫወት እኔ ሸፍኜው ኖሬያለሁ።

ስንጨርስ ዞር ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁት።

«ምንም አይደል፤ እኔም ራሴን የሰማሁት ዛሬ ነው» አለኝ።

አዛውንቱን ግን ሳልጠይቃቸው መሄድ አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ጽፌዋለሁ እኮ» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

መስከረም ላይ ለሰፈሩ ሰው አቀረብነው። ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ያ ቦታ ሲደርስ ትንፋሼን ቀነስኩ። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ወደ ክራሩ ሲያዩ አየሁ። ውጭ መኪናው እንደ ወትሮው ይጮኻል፤ ክራሩ ግን ተሰማ።

ሲያልቅ የባለ ክራሩ ሚስት ዜማውን እያንጎራጎረች የአዳራሹን ደረጃ ወረደች። እኔም ክላርኔቴን አቅፌ፣ እሷን እየሰማሁ ከኋላዋ ወረድኩ።