ኤሊስና የናፍቆት ቃል ሥር

ኤሊስ ሃርዩንፓ ሄልሲንኪ ውስጥ የቃላት ታሪክ በሚጠናበት ቢሮ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ሥራችን እኛ ፊንላንዶችና ባሕር ማዶ ያሉት ኢስቶኒያውያን ዘመዶቻችን አንድ ቋንቋ እንናገር በነበረበት ዘመን ቃላቱ ምን ይመስሉ እንደነበር ማፈላለግ ነው። በጽሑፍ ያቆየው ስለሌለ የዛሬዎቹን እያስተያየን የጥንቱን መልሰን እንሠራለን። ከሠራነው ቃል ፊት ትንሽ ኮከብ እናደርጋለን፤ በጆሮው የሰማው ሰው የለም ለማለት።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባዎቹ መጀመሪያ ኤሊስ ለስብሰባ ወደ ኢስቶኒያ ዋና ከተማ ወደ ታሊን ተሻገረና ሌይዳ ከምትባል የሙያ ባልደረባ ጋር ተዋወቀ። ሲመለስ ሰውዬው ሌላ ሆኗል። ኢስቶኒያ ያኔ በሶቪየት እጅ ነበረች፤ ሌይዳ መውጣት አትችልም፣ እሱም እንደ ልቡ አይገባም። የቀራቸው ስልክ ብቻ ነበር። መስመሩ ስለማያሰማ እየጮኸች ነበር የምታወራው፤ እኔም ጋ ይደርሳል።

አንድ ቀን እንደ ምንም ደፈረና፣ «ኢካቫ ይዞኛል» አላት። ናፍቀሽኛል ማለቱ ነው።

«ኢጋቭ? ሰለቸሽኝ ለማለት ነው የደወልከው?»

በእነሱ አፍ ያው ቃል መሰልቸት ነው። ኤሊስ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ኧረ በእናትሽ! ናፍቆት ለማለት ነው!»

«ጠፍቶኝ መሰለህ? ላስደነግጥህ ብዬ ነው።» ሳቀች። «በል እስቲ ሥሩን ንገረኝ።»

«ኢካ ይመስለኛል፤ ዕድሜ። እናንተ ኢጋ የምትሉት።»

«ዘመዶቻችን የቮቲያ አሮጊቶችም ዕድሜን ኢቻ ይላሉ። ያው ነው።»

«እንግዲያው የጥንቱ ቃል የረዘመ ጊዜ ማለት ሳይሆን አይቀርም። ጊዜው ሲረዝም እናንተን ሰለቻችሁ፣ እኛን ናፈቀን።»

«ቀስ በል፤ የሚያዳምጠን ሰውዬ እንዳያለቅስ!»

ከዚያ ወዲህ በተደዋወሉ ቁጥር ያንን ቃል ሲያበጥሩ ይውላሉ፤ አንዱን ድምፅ ይጥላሉ፣ ሌላውን ያነሳሉ። ሌላ የሚሉት ሞልቷል፤ ግን የሶቪየት ሰላዮች ስለሚያዳምጡ መስመሩ የእነሱ ብቻ አልነበረም። «አትጠብቀኝ፣ አግባ» ብላዋለች። አላገባም። እሷም አላገባችም።

ኢስቶኒያ ነፃ ወጥታ መንገዱ የተከፈተው ሁለቱም ከሸበቱ በኋላ ነው። ሌይዳ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። በተጋቡ ዕለት ኤሊስ የሳልሞን ሾርባ ሠርቶ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። ምድር አልበቃችውም።

እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ባሕሩ ዳር ወርዳ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሀገሯ ታያለች። «ምን ታያለሽ?» ሲላት፣ «መርከቡን» ትላለች። አንድ ጠዋት ተከትሏት ወረደ። ከኋላዋ ቆሞ ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ አየና ሳይጠራት ተመለሰ። በቀጥታ ወደቡ ሄዶ ትኬት ቆረጠ።

«አባረርከኝ?» አለችው።

«ሁለት ነው የቆረጥኩት።»

አሁን ታሊን ዳርቻ ላይ ትንሽ ግቢ አላቸው፤ ድንች ይተክላሉ። ኤሊስ እሁድ እሁድ ይደውልልኛል። «ወደባችንን በረዶ ያዘው? ያ ዓሣ ሻጭ ዛሬም ይሳደባል?» ይለኛል። የማውቀውን እነግረዋለሁ።

«ሌላስ?» ይላል።

ሌላ የለኝም። ቢሆንም ስላለፍኩበት መንገድ ሁሉ፣ ስለ ዛፎቹም ጭምር፣ እየፈለግኩ እነግረዋለሁ።