ከቆቡ በኋላ ያለው ገጽ

ታመነ እባላለሁ። ቡራዩ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሁለት ልብ ወለድም አሳትሜያለሁ። በሁለቱም መጨረሻ ላይ አንዲት ቆንጆ ልጅ ትመነኩሳለች፤ በአንደኛው እጮኛዋ ጦር ሜዳ ቀርቶባት፣ በሁለተኛው አባቷ ለማትፈልገው ሰው ሊድራት ሲል። አታሚዬ ሸምሰዲን ሁለተኛውን ሲተይብልኝ፣ «መምህር፣ ልጅቷን የት ላድርሳት ብለው ሲጨነቁ ገዳም ያስገቧታል አይደል?» ብሎኝ ነበር። ለሁለት ወር ተቀየምኩት።

ስለዚህ ሰበታ ዳገት ላይ ያለ አንድ ትንሽ የሴቶች ገዳም ለኅዳር ጽዮን በዓል የሚታደል የታሪክ መጽሔት ጻፍልን ሲለኝ፣ ከእኔ የተሻለ ሰው እንደማያገኙ አልተጠራጠርኩም። ከመጽሔቱ አንዱ ምዕራፍ ስለ እማሆይ ተረፈች ነው። የገዳሙን ሃያ ሁለት ላሞች የሚያስተዳድሩት፣ አዲስ የሚገቡትን ሴቶችም ንባብ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ሱሉልታ ተወልደው ገዳም ከገቡ ሠላሳ አራት ዓመታቸው ነው።

«ለምን መነኮሱ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ወድጄ ነዋ» አሉኝ፣ ከሚያልቧት ላም ቀና ሳይሉ።

ወድጄ የሚባል ምክንያት ምዕራፍ አይሞላም። ሴትዮዋ ምሥጢር ደብቀውኛል አልኩና ታላቅ ወንድማቸው ዘንድ ሱሉልታ ሄድኩ።

ኦቦ ዲሪባ ድርቆሽ ያጭዳሉ፤ ሱሉልታ ውስጥ ጥሩ ድርቆሽ የሚፈልግ ሰው የሚመራው ወደሳቸው ነው። የእህታቸውን ስም ሳነሳ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «የኔ ጥፋት ነው» አሉ። ወጣት ሳሉ ከእህታቸው መጽሐፍ ውስጥ የጎረቤት ልጅ የጋሮማን ደብዳቤ አግኝተው ቀደዱት፤ ጋሮማንም ወንዝ ዳር ጠብቀው በዱላ መቱት። በወሩ እህታቸው ገዳም ገባች። «ሰውም ሁሉ ያለው ይህንኑ ነው። ደህና ልጅ በሃያ ዓመቷ ያለ ምክንያት ትመነኩሳለች?» ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ አይሱዙ ድርቆሽ ለገዳሙ ላሞች ይወስዳሉ። ግን በሩ ላይ ሲደርሱ ከጋቢና አይወርዱም፤ ሠራተኞቹ ያራግፉና ይመለሳሉ። «በምን ፊቴ ልግባ?» አሉኝ።

ይህ ነው ምሥጢሩ! በሁለት ቀን ጻፍኩት፤ ራሴም አለቀስኩበት። መጨረሻው በተለይ ሆድ ያባባል። ሴት ስትመነኩስ የሙት ጸሎት፣ ግንዘት፣ ይደገምላታል፤ ለዓለም ሞተች ለማለት ነው። ምዕራፉን የዘጋሁት እዚያ ላይ፣ በዚያች ወጣት ላይ ግንዘት ሲደገም ነው።

ወስጄ ስሰጣቸው እማሆይ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና ሁሉንም አነበቡት። ሳይቸኩሉ፣ ጣታቸውን ከመስመር መስመር እያወረዱ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ሲያምር። ልጅቷ አሳዘነችኝ። ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ እማሆይ።»

«እኔማ እዚህ ላይ ሞቻለሁ» አሉ የመጨረሻውን መስመር እያሳዩኝ። «እርስዎ ግንዘቱን ሰምተው፣ ንፍሮዬን በልተው ወደ ቤትዎ ሄዱ። እኔ በማግስቱ ላም አለብኩ።»

ድርሰት እንዲህ ነው፣ አንባቢ ልቡ መነካት አለበት ብዬ ተከራከርኩ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩትን ከላም በረት ውስጥ ሊነጥቁኝ ነው እንዴ?

«እኛም እኮ እናነባለን፣ መምህር። የጥንቶቹ እናቶች ገዳም አቅንተዋል፤ ንጉሥ ፊት ቆመው የተከራከሩም አሉ። ገድላቸውን ሲያዩት አብዛኛው ከቆቡ በኋላ ያለው ነው። የእናንተ ደራሲዎች ግን ቆቡን ካስደፋችሁን በኋላ መብራት ታጠፋላችሁ።»

ከዚያ ሦስተኛውን ገጽ ገለጡ። «ይሄን ስለ ዲሪባ ያሉትን ግን ከራስዎ ነው ያመጡት?»

«አይደለም። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

ገጹን እንደገና አነበቡት። «በሩ ላይ ደርሶ የሚመለሰው ለዚህ ነው?» አሉ። «እኔ የናቀኝ መስሎኝ ነበር። በያመቱ መኪናውን ከመስኮት አያለሁ፤ ይወርዳል ብዬ እጠብቃለሁ።» ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «ይሄ አይታተምም። ድርቆሹ እስኪመጣ ይቆይ።»

እቤቴ ገብቼ ከመደርደሪያዬ ላይ መነኩሲት ያለችባቸውን መጻሕፍት አወረድኩ። አንዷ ፍቅረኛዋ ሞቶባት፣ አንዷ ከጋብቻ ሸሽታ፣ አንዷ መልኳ መዘዝ አምጥቶባት። አሮጊቶቹ ደግሞ በር ላይ ትንቢት ተናግረው ይሄዳሉ። የተተረጎሙትም ቢሆኑ ወይ ከግንብ ሲዘሉ ወይ ግንብ ውስጥ ሲያለቅሱ ነው። ላም የምታልብ አንዲት አጣሁ። አፍሬ ምዕራፉን «በማግስቱ ላም አለቡ» ብዬ እንደገና ጀመርኩት። መጨረሻውን ግን አላወቅኩትም።

አይሱዙው በጥቅምት ማለቂያ መጣ፤ እኔም የምዕራፌን መጨረሻ ፍለጋ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሹፌሩ ዛኪር በሩ ላይ አቆመና ሠራተኞቹ ማራገፍ ጀመሩ። ኦቦ ዲሪባ እንደ ልማዳቸው ጋቢና ውስጥ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተቀምጠዋል። እማሆይ ከግቢው ወጡና የጋቢናውን በር ከፈቱት።

«አካም ጂርታ፣ ኦቦሌሳ ኮ?» አሉ በኦሮምኛ፤ ደህና ነህ ወንድሜ ማለታቸው ነው።

«ይቅር በይኝ» አሉ ኦቦ ዲሪባ። «ከጋሮማ የለየሁሽ እኔ ነኝ።»

«ያ ደብዳቤ የኔ አልነበረም። የጓደኛዬ የገለቴ ነበር፤ እኔ አድራሽ ነበርኩ። ይኸው ተጋብተው ሰንዳፋ አምስት ልጅ ወልደዋል።»

«ገለቴንማ አንቺን ሲያጣ ያገባት መስሎኝ!»

«እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ሁለታችሁም ደራሲ ናችሁ» አሉ እማሆይ፣ እኔን በዓይናቸው ገረፍ አድርገው። «ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለወንድ ሳለቅስ ይታይህ ነበር? ያን ያህል ሥራ ፈት አደረግኸኝ?»

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው አልተነቃነቁም። «ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

«ከእናታችን ጋር ለበዓል መጥቼ አንዲት መነኩሲት እዚያ ዋርካ ሥር መጽሐፍ ይዘው ተቀምጠው አየኋቸው። ቆሜ ጠበቅኩ፤ ገጹን እስኪጨርሱ ድረስ ማንም ተነሺ አላላቸውም። እቤት እኔ መጽሐፍ ስከፍት ውኃ ቅጂ ነው፣ ጥጃ አስገቢ ነው። እናታችንም ትጠራኛለች፣ አንተም ትጠራኛለህ። ክፉ ሆናችሁ አይደለም። እዚህም ሰባት ዓመት ውኃ ቀድቻለሁ፤ ግን የጀመርኩትን ገጽ እጨርሳለሁ። ወደድኩት፣ ገባሁ። ይኸው ነው።»

ኦቦ ዲሪባ የሚራገፈውን ድርቆሽ ዞረው አዩ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ድርቆሽ ለምን ነበር?» አሉ።

«ለላሞቹ ነዋ። ደግሞ ለምደውታል፣ እንዳታቋርጥ።»

ኦቦ ዲሪባ ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ልቅሶ ሄደባቸው። እማሆይ እጃቸውን ዘረጉላቸውና ሽማግሌው ከጋቢናው ወረዱ። በሩን አብረው አለፉ። እኔም ከኋላ ተከተልኩ፤ እኔስ ብሆን ሆዴ ባብቶ ነበር፣ አልዋሽም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወል ተደወለ፤ የንባብ ሰዓት ነው። እማሆይ ይቅርታ ጠይቀው ዋርካው ሥር ከተቀመጡት ሴቶች መሃል ገቡና መዝሙረ ዳዊት ገለጡ። ኦቦ ዲሪባ ራቅ ብለው ከወረደው ድርቆሽ ላይ ተቀመጡና ኮፍያቸውን አውልቀው እህታቸውን ይመለከቱ ጀመር። መኪናው ባዶ ሆኗል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ዛኪር ከበሩ ላይ ጥሩምባውን ነፋ። እንደገና ነፋ። ኦቦ ዲሪባ ተነሥተው ወደ በሩ ጥቂት ተራመዱና እጃቸውን አወዛወዙለት።

«ቆይ» አሉት። «ገጹን ትጨርስ።»